ቀቢው ወንድሜና የጌታ ማዕድ

እናታችን ቶሎ ስለሞተችብን ሁለቱን ወንድሞቼን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ትልቁ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ "ቀቢው" ይለዋል። ታናሹን "ድመቱ" እንለው ነበር፣ ሲወጣ ሲወርድ ኮቴው አይሰማምና። አሁን ሁለቱም የሉም፤ የማወራው ሰው አጥቼ ነው መሰለኝ ትልቁ በሐሳቤ ይመላለሳል።

አብረው ነበር የሚሠሩት። ግድግዳው ከፍ ሲል አጣና በገመድ አስረው መወጣጫ ይሠራሉ። በቀቢዎች ዘንድ አንድ ደንብ አለ፦ ገመዱን ያሰረ ሰው ቀድሞ ይወጣል። ቋጠሮው ቢላላ የራሱን አንገት እንጂ የሰው አንገት እንዳይሰብር ነው። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ግድግዳ ሲቀቡ ቀቢው አሰረ። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝበት ግን ታናሹን "አንተ ውጣ፣ መጣሁ" አለው። አጣናው ተንሸራተተ፣ ድመቱ ወደቀ። አንድ እግሩ ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም።

ቀቢው ለሁላችንም "ነጠላ ጫማው አዳልጦት ነው" አለን። አመንነው። ድመቱም የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነገር ነው ብሎ ጫማ መስፋት ተማረ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። የታናሹን ቤት ቀባ፤ ሳልጠይቀው የእኔንም ቀባ። ቀጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞረ፤ ሰባራ ሳንቲም ሳይቀበል በየዓመቱ ከላይ እስከ ታች ይቀባል። የጌታ እራት ሲቀርብ ግን ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ውልቅ ነው።

"ምነው አትቆርብም?" ስለው፣

"ገና ነኝ እትዬ። ይቺን ግድግዳ ልጨርስና" ይለኛል።

እርጥበት ያለባት ግድግዳ ነበረች፤ ዞሮ ዞሮ ቀለሟ ይላጣል። እኔ ሞኟ ትሕትና መስሎኝ እኮራበት ነበር።

የጌታ እራት በነበረበት አንድ እሑድ መጋቢው ስለ መጽደቅ አስተማረ። ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ የሚባለው ስለ ለፋ አይደለም፣ ክርስቶስ የሠራለትን አምኖ ሲቀበል ነው አለ። "አሜን" ብለን ሳንጨርስ አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ "በሉ እንግዲህ፣ ይህን ያህል የለፋልንን ቀቢያችንን እናመስግነው! ቁም እስቲ!" አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ።

ወንድሜ ቆመ። ፊቱ ከሰል መሰለ።

"አታጨብጭቡ" አለ። "ወንድሜን የጣልኩት እኔ ነኝ። እኔ አስሬ እሱን አስወጣሁት። ጫማው አይደለም።"

እጃችን አየር ላይ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድመቱ ክራንቹን ተደግፎ ተነሣ።

"አውቃለሁ እኮ ጋሼ። ስወጣ ገመዱ ሲላላ ታውቆኛል። ገና ሆስፒታል ተኝቼ ነው ይቅር ያልኩህ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነዋ! አንተ ብሩሽ ይዘህ መጣህ። ቀለም ጠየቅኩህ? ይኸው ከቀለሙ ብዛት ቤተ ክርስቲያኑ ሊጠበን ነው።"

አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። ወንድሜ አልሳቀም።

"እግርህን ልመልስልህ አልችልም።"

"አትችልም። እኔን መካስ ያቃተህ ሰውዬ እግዚአብሔርን በቀለም ልትክሰው ነው?"

መጋቢው ኅብስቱን ቆረሰ። ድመቱ ሳህኑን ተቀብሎ እያነከሰ ወደ ኋላ ሄደ። ወንድሜ እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። ጥፍሮቹ ሥር ቀለም ነበር።

"አፍሬያለሁ" አለ ቀና ሳይል።

"እፈር። ግን ብላ።"

የሚሰጠው ነገር ፈልጎ ያጣ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ አንድ እጁን ብቻ ዘረጋ።

ሐፍረቱ እስኪሞት ድረስ አልለቀቀውም። ቢሆንም ኅብስቱ በመጣ ቁጥር አንገቱን እንደደፋ ይቀበል ነበር።