የቀረውን ማን ይጨርሰው

ሽማግሌው የባለቤታቸውን የምርመራ ውጤት ሊጠይቁ ዛሬም ከዱሉዝ ከተማ በረዶ ገብተው፣ ቬርና በምትሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ መስኮት ፊት ይንቆራጠጣሉ። የካፖርታቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ ይቆልፋሉ። ወንበር ብትሰጣቸውም ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ወዲያው ይነሳሉ።

«ታዲያ ባክቴሪያው ሞተ?»

«አልሞተም፣ አባባ» አለች ቬርና። «መድኃኒቱ ፕሮቲን እንዳይሠራ አገደው፤ ያለ ፕሮቲን ደግሞ መራባት አይችልም። የቀረውን የሚጨርሰው የባለቤትዎ ሰውነት ነው።»

«እሷ ናት የምትጨርሰው?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን ገለጥ አደረጉት። ከውስጥ የለበሱት በእጅ የተሠራ ሰማያዊ ሹራብ ቀኝ እጅጌ የለውም፤ ክሩ ከትከሻው ተንጠልጥሏል።

«ይኸው ስድስት ዓመቱ» አሉ ክሩን እየነካኩ። «እሷ እኮ፣ ልጄ፣ የጀመረችውን ጨርሳ አታውቅም።»