አመዱን የት ደፋሽው

«ዘሬን የቀቀልሽው አንቺ ነሽ?»

ይህን ያለችኝ ሴት ቆቦ ቤታችን በር ላይ ቆማ ነበር። ሰላምታ አላስቀደመችም። ጊዜው ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ እንደገባ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አፌ ስለማያርፍ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ፊት ለፊት ተናግሮኛል፤ ሁሉንም ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ያልተረሳኝ መልሱ «አዎ» ስለነበረ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ የካቲት ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወልድያ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ተማሪው አደመና ትምህርት ተዘጋ፤ እኔም ወደ ቤቴ ወደ ቆቦ ተመለስኩ። አባቴ ስኳርና ጨው፣ ክብሪትና ላምባ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። እናቴ ቤት ትይዛለች። እኔ ምንም አልይዝም። መቀመጥ አይሆንልኝም። ሳምንቱን ሙሉ ከጓዳ ሳሎን ስንቆራጠጥ እከርምና ቅዳሜ ሲሆን እወጣለሁ።

የቅዳሜ ደስታዬ ሁለት ነው። አንዱ ገበያ ወርዶ አሮጌ ዕቃ መልቀም። ሌላው ማርማላታ ማፍላት። በባልትና ክፍለ ጊዜ መምህርታችን ፓፓያ በስኳርና በሎሚ አፍልታ አሳይታን ነበር፤ ከትምህርት ሁሉ እሱ ብቻ ገባኝ። ጓሯችን አንዲት ፓፓያ አለች። ስኳሩን ከሱቅ እወስዳለሁ። እናቴ ሰው መንገድ ላይ በሚወድቅበት ቀን የኔ ልጅ ፓፓያ በስኳር ታፈላለች እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። እውነቷን ነው፤ አፈላ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከዋጃ ወዲያም ከሮቢት ወዲህም ያለው ገበሬ በድርቁ ተርቦ አውራ ጎዳናው ዳር ፈሶ ነበር። መጀመሪያ ከብቱን ሸጠ። ቀጥሎ የሚስቱን አምባር። ቀጥሎ የቤት ዕቃውን። ስለዚህ የቆቦ ገበያ አሮጌ ዕቃ ለሚወድ ሰው እንደዚያ ዓመት ሞልቶ አያውቅም። ይህን ስጽፈው ያስጠላኛል። ያኔ ግን የምሄደው ደስ ብሎኝ ነበር።

ከገበያው ጠርዝ አንዲት ሴት ትልቅ ቅል ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ቅሉ ከጭስ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ አንገቱ ዙሪያውን በጠፍር ተጠልፏል፤ አፉ በእበት ተመርጓል። ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጇ ጭኗን ተንተርሳ ተኝታለች።

አንድ ሰውዬ ውስጡ ምንድን ነው ይላታል። ማሽላ ነው አለችው። ስንት ነው ሲላት ዋጋ በመናገር ፈንታ ምን ልታደርገው ነው ብላ ጠየቀችው። ላስፈጨው ነዋ አላት። አልሸጥም አለችው። ቀጥላ አንዲት ሴት መጣች። እሷ ደግሞ ልትቆላው ነው። ለሷም አልሸጥም አለች። ይቺስ አእምሮዋን ነክቷታል አልኩ በልቤ። ልጇ ፊቷ ላይ ያረፈውን ዝንብ ማባረር አቅቷት እሷ ገዢ ታማርጣለች።

እኔንም ያንኑ ጠየቀችኝ። የምፈልገው ቅሉን ነው አልኳት። እህሉንስ አለች። እህሉ ምን ያደርግልኛል አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ። የአባቴን ስም ጠየቀችኝ፣ ቤታችንን ጠየቀችኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው አልኳት። እሷም ስሟ ዘሀራ እንደሆነ፣ አገሯም ከዋጃ ወዲያ እንደሆነ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ከምድጃ በላይ ከፍ አድርገሽ ስቀይው» አለችኝ። «አትክፈችው። አደራ።»

እሺ አልኩ። እኔ ለሁሉም ሰው እሺ እላለሁ። የያዝኩትን ብርና ለራሴ የቋጠርኩትን ዳቦ ሰጥቻት ቅሌን ታቅፌ ሄድኩ።

የራያ ገበሬ ከአዝመራው መካከል ምርጥ ምርጡን ዛላ ለይቶ፣ አሽቶ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከአመድ ጋር ቀላቅሎ ቅል ውስጥ ያሽገዋል፤ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። የዓመት ዘሩ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ እሱ አይነካም። ዘሩን ገበያ ያወጣ ሰው ቤቴ ጠፍቷል ብሎ እንዳወጀ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ዘሀራ ዘር ነው ብላ መናገር አፍራ ነበር። አደራ ያለችኝ ዝናብ ሲጥል መጥታ ልትወስደው እንደሆነ የሚገባኝ መስሏት ነው። ለማንም የገበሬ ልጅ ይገባው ነበር። እኔ ግን የባለሱቅ ልጅ ነኝ።

ቤት እንደገባሁ ከፈትኩት። ማርማላታ ላስቀምጥበት ቸኩያለሁ። ግማሽ በግማሽ አመድ የሆነ ማሽላ ሳይ ተታለልኩ ብዬ ተናደድኩ። ሰፌድ ላይ ገልብጬ ጓሮ፣ የአመድ መድፊያችን ጋ ቆሜ ማበጠር ጀመርኩ። ማበጠር አልችልም፤ ሁለተኛ ደረጃ አያስተምሩትም። አመዱ ሲወጣ እህሉም አብሮ እየዘለለ ወጣ። እናቴ ይህን አይታ ሰፌዱን ነጠቀችኝና ስኳር ማባከኑ እንዳልበቃኝ ነገረችኝ።

እናቴ በየጁምዓው ንፍሮ ቀቅላ በራችን ላይ ለሚሰበሰበው ሰው ሰደቃ ትሰጣለች። የቤታችን እህል እየሳሳ እንደነበረ እኔ አላውቅም፤ እሷ ታውቃለች። ከሰፌዱ ላይ የተረፈውን ማሽላ አይታ አልሀምዱሊላህ አለች። ጁምዓ ሲደርስ አጥባ ሰጠችኝና እኔ ቀቀልኩት። ድስቱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እሷ በጭልፋ እየጨለፈች በሰዉ እጅ ላይ ትጨምራለች። ድስቱ እንኳ አልሞላም ነበር፤ ቶሎ አለቀ። የማንንም ፊት አላየሁም። እጅ ብቻ ነው ያየሁት።

ቅሉ ውስጥ ማርማላታዬን ጨመርኩበት። በሁለተኛው ሳምንት አረፋ ደፈቀና ቤቱ ጠላ ጠላ ሸተተ። አባቴ ሶላቱን እንደጨረሰ ያንን ነገር ከቤቴ አውጪልኝ አለ፤ ለሁለት ቀን ከዚያ ሌላ ቃል አልተነፈሰልኝም። ቅሉን ደፍቼ ጓሮ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ግንቦትም አልከፋም። የአመድ መድፊያችን አረም በአረም ሆነ። እናቴ ሂጂና ንቀይ አለችኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እሺ አልኩ። ሦስቱንም ቅዳሜ ማርማላታ አፈላሁ።

እንግዲህ በአራተኛው ቅዳሜ ነው ዘሀራ በራችን ላይ ቆማ ያንን የጠየቀችኝ። ልጇም አብራት ነበረች፤ ቀጭን ናት፣ ግን ቆማለች።

አዎ አልኳት። ከዚያ መለፍለፍ ጀመርኩ። ዘር መሆኑን አልነገርሽኝም፣ ቅሉን ነው ብዬሻለሁ፣ እኔ ምን አውቄ አልኩ። እናቴም ጫጫታውን ሰምታ ወጣች፤ ለራሳችን አንዲት ፍሬ አልቀመስንም፣ ወላሂ፣ ሁሉንም ለተራበ ሰው ነው የሰጠነው አለች።

«አውቃለሁ» አለች ዘሀራ። «እኔም በልቻለሁ።»

እናቴ መቼ አለቻት።

«በዚያው ጁምዓ እዚችው በር ላይ ነበርኩ። እጄ ላይ ስትጨምሪልኝ ለየኋት። ደጋሊት ናት፤ ከሌላ ማሽላ ጋር አትምታታብኝም። ልጄ ሦስት ጊዜ ዘግና ጎረሰች። አፏን ልይዛት ነው?»

እኔ መቼ ማቆም እንዳለብኝ አላውቅም። ታዲያ ለምን ያን ቀን አልተናገርሽም አልኳት። ብናገር ከሰዉ ሆድ ታወጪው ነበር ወይ አለችኝ። ከዚያ ከእናቴም ከእኔም ላይ ዓይኗን አንስታ ወደ ጓሮው አየች።

«ለንፍሮው አይደለም የመጣሁት» አለች። «ቅሌ እስከ አንገቷ ሙሉ ነበረች። ድስታችሁ ግን ጎዶሎ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አመዱን የት ደፋሽው?»

ወሰድኳት። ከአመድ መድፊያው ጫፍ ተንበረከከችና አረሙን በሁለት እጇ ገለጠችው። ከአረሙ መካከል ጉልበት የሚደርስ ማሽላ ቆሟል። ለኔ ሁሉም ሣር ነው የሚመስለኝ፤ እሷ ግን አንዱን ትተወዋለች፣ አንዱን ከሥሩ ዳሰስ ታደርገዋለች። ሃያ ሁለት አገዳ አገኘች። ልጇም እየተከተለች አብራት ትቆጥር ነበር።

እናቴ ከኋላችን ቆማ፣ ሦስት ቅዳሜ ንቀይ ብያት እሺ እያለች የተወችው እኮ ነው አለች።

«እንኳን ሰነፈች» አለች ዘሀራ። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ከከተማው ዳር ካለው የረሃብተኞች መጠለያ ሰዉን ስንዴ እያስያዙ ወደየቀዬው ይመልሱት ነበር፤ እሷም በማግስቱ ወደ አገሯ ልትሄድ ነው። አገዳውን ነቅላ ልትወስደው አትችልም። ስለዚህ ወደኔ ዞራ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ወፍ ትጠብቂያለሽ አለችኝ። ፍየል እንዳታስነኪ፤ ዛላው ሲደርስ ከነአንገቱ ቆርጠሽ ጭስ ላይ ስቀይ፤ ኅዳር ላይ እመጣለሁ አለች። እሺ አልኩ። ፊቴን ትንሽ ቆይታ አየችና ልጇን ይዛ ሄደች።

በዚህ ዓይነት ቅዳሜዬ አለቀ። ነሐሴና መስከረምን የአመድ ቁልል ላይ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። ወንጭፍ ተምሬ የራሳችንን ዶሮ መታሁ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሲያልፍ ተማሪዋ፣ ዛሬ ስንት ወፍ አስተማርሽ ይለኛል። ከተማው ሬዲዮ ከቦ የመንግሥት መለወጥ ሲያወራ እኔ እሽ እሽ እላለሁ። የጎረቤታችን ፍየል አንድ ቀን ገብቶ አራት አገዳ ጨረሰ፤ ለጎረቤታችን ያልኳትን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ አባቴ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀልኝ። ፓፓያው ዛፉ ላይ በስሎ ወደቀ።

አሥራ አንድ ዛላ ደረሰ። እንዳለችኝ ከነአንገቱ ቆርጬ ጭስ ላይ ሰቀልኩት።

ኅዳር አለቀ። ዘሀራ አልመጣችም። ታኅሣሥም ተጋመሰ። አንድ ሐሙስ ማታ እናቴ ማሽላውን ቀና ብላ አየችና፣ ሴትዮዋ ሞታ ይሆናል፣ አላህ ይዘንላት፣ ነገ ደግሞ ጁምዓ ነው አለች። በራችን ላይ የሚቆመው ሰው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም ነበር። ድስቱ ባዶ ነው። ምን እንደምትለኝ ገባኝ።

አይሆንም አልኳት። በሕይወቴ ለእናቴ እንዲህ ስላት የመጀመሪያዬ ነው። እሺ ብሎ አለማድረግ ነው እንጂ እምቢ ማለት አላውቅበትም ነበር። እናቴ የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ግን እንግዲያው ፈልጊያት አለችኝ።

ቅዳሜ ዛላዎቹን በኩታ ጠቅልዬ፣ ቅሉን አንጠልጥዬ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ዋጃ ወርጄ ዘሀራን እያልኩ ጠየቅኩ፤ ሦስት ዘሀራ አሳዩኝ፣ አንዷም እሷ አይደለችም። የአራተኛዋ ቤት ከአውራ ጎዳናው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። መጀመሪያ ያየችኝ ልጅቷ ናት።

«እማ» ብላ ጠራች፤ «የንፍሮዋ መጣች።»

ዘሀራ ከደጃፏ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ወባ ሲጥላት ሲያነሳት ከርሟል። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት፣ ለመነሳት አስባ ወፍ ጠባቂዋ እኔ መሆኔ ትዝ ሲላት ተመልሳ ትተኛ እንደነበር ነገረችኝ። ከደጃፏ ባሻገር ያለው መሬቷ በጥንቃቄ ተመንጥሯል። ምንም አልበቀለበትም።

ኩታውን ፈታሁት። አሥራ አንዱን አንድ በአንድ እያነሳች አየች። አንዱን በመዳፏ አሸችና ገለባውን እፍ አለችው፤ አንዲት ፍሬ በፊት ጥርሷ ሰበረች። ለብዙ ጊዜ አላኘከችም። ልጇም እኔም አፏን እያየን ቆየን።

«እሷ ናት» አለች።

ከዚያ ቅሉን አንስታ አሸተተች። ራሷን ወደ ኋላ መለሰች።

«ምን አስቀመጥሽባት?»

«ማርማላታ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፓፓያ በስኳር።»

«በእሱ ነው የሰከረችው?» ብላ ደግማ አሸተተች። «ግድ የለም፤ በአመድ አሻታለሁ፣ በወይራ አጥናታለሁ። ይለቃታል።»

ቅሉ የኔ እንደሆነ፣ ገዝቼዋለሁ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት።

ልነሳ ስል ከዛላዎቹ መካከል ትልቁን አንስታ ሰጠችኝ። ለኔ አይደለም፣ ላንቺ ነው ያመጣሁት አልኳት።

«ይቺ አንቺ ጋ ትሰቀል» አለችኝ። «የኔ ቢጠፋ የምመጣበት ቤት ይኑረኝ። እናትሽ ግን እንዳታያት።»

ልጅቷ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ዋጃ ስደርስ አንድ ጨው የጫነ መኪና ወደ ቆቦ ሊነሳ ነበር። ሹፌሩ በክንዴ የታቀፍኩትን ማሽላ አይቶ ይሸጣል ወይ አለኝ።

ምን ልታደርገው ነው አልኩት።

ቆልቼ ልቅመው ነዋ አለኝ።

አልሸጥም ብዬው ጨው ጭነቱ ላይ ወጣሁ።