ደምሪኝ፣ እደምርሻለሁ

አባቴ ሸማኔ ናቸው። የሚሠሩት ባና ነው፤ ከመንዝ በግ ሱፍ የሚሸመን፣ በብርዳችን ልክ የወፈረ ብርድ ልብስ። እኔ ሞላሌ ላይ የሳይንስ መምህርት ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። ገበያው ከፋብሪካ በመጣ ስስ ብርድ ልብስ ሲሞላና ባና ፈላጊው ሲጠፋ፣ የአባቴን ሥራ በስልኬ ቀርጬ ለሰው ላሳይ ብዬ ቻናል ከፈትሁ። ሐሳቤ ቅን ነበር። ይህን የምለው በኋላ ያደረግሁትን ለማቅለል አይደለም።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ ለመሥራት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አባቴ የሸማኔ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ እግራቸው ከታች እየረገጠ፣ እጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ፣ ድምፁ ሳይቀር ጥርት ብሎ ገባልኝ። በሳምንቱ ያየው ሰው ሠላሳ አይሞላም ነበር፤ ግማሾቹም የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው።

መንገዱን ያሳየኝ የኮምፒውተር መምህሩ ነው። እሱ ራሱ የቀልድ ቻናል ነበረው።

"ሰው በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለሽ ነው የምትጠብቂው?" አለኝ አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል። "መደማመር ነው ያለብሽ። አንቺ የቻናላቸው ተከታይ ሆነሽ ትደምሪያቸዋለሽ፣ እነሱም ይደምሩሻል። ሁሉም እንዲህ ነው ያደገው።"

"ባና ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢደምረኝ ምን ይጠቅመኛል?"

"መጀመሪያ ቁጥሩ ይኑርሽ። ቁጥር ሲያይ ሌላው ሰው ይከተላል።"

ስልኬን ተቀብሎ ከአንድ ግሩፕ አስገባኝ። ብዙ መቶ ሰዎች ነበሩበት፤ ምግብ የሚሠሩ፣ መዝሙር የሚለቁ፣ ስለ ትዳር የሚመክሩ፣ ዝም ብለው ከተማ ለከተማ እየዞሩ የሚቀርጹ። እርስ በርሳቸው "ቤተሰብ" ነው የሚባባሉት። ሕጉ ቀላል ነው። ጠዋት ጠዋት የስም ዝርዝር ይወጣል። በዝርዝሩ ያለውን ሁሉ ትደምሪያለሽ፣ ቪዲዮውን ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ታስኬጃለሽ፣ ከሥር አስተያየት ትጽፊያለሽ፣ ይህን ማድረግሽን ከስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ታሳያለሽ። እነሱም እንዲሁ ያደርጉልሻል። ደምሮ በኋላ የቀነሰ ሰው ስሙ ተለጥፎ ይባረራል።

ማየት ግን የሕጉ አካል አልነበረም። ማስኬድ ነው የተባለው። ድምፁን አጥፍቼ፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቼ፣ የተማሪዎቼን ደብተር አርም ነበር። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ ገልብጬ "ዋው ምርጥ ነው፣ በርቺ" ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ኔትወርክ በሌለ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ በነፋስ ውስጥ ቆሜ እደምር ነበር። ዝርዝሩ ካመለጠኝ ሥራ የፈታሁ ያህል ይሰማኛል።

ቁጥሩም አደገ። ሁለት ሺህ የገባሁ ዕለት አባቴ ዘንድ ሮጬ ሄድሁ።

"አባዬ፣ ሁለት ሺህ ሰው ያይዎታል!"

መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። "የሞላሌ ገበያ ቅዳሜ ቢሞላ ያን ያህል ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመቅረጼ በፊት ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ንጹሕ ጋቢ ይለብሳሉ፣ "እንደምን ሰነበታችሁ" ብለው ነው የሚጀምሩት። ማታ እራት ላይ "ምን አሉ?" ይሉኛል። እኔም የተጻፈውን አነብላቸዋለሁ።

"በርታ ወንድሜ ይላል።"

"ወንድሜ? እኔን?"

ስቀው አለፉት። ግን የተጻፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር ማፈር ጀመርሁ። ቀስ በቀስ ከራሴ እየፈጠርሁ አነብላቸው ጀመር። "ጥብቀቱ ያስደንቃል" አሉ እላለሁ። "አያቴም እንዲህ ይሠሩ ነበር" አሉ እላለሁ። እሳቸው ግን እንደ ልጅ በቀላሉ የሚሸነገሉ ሰው አይደሉም። "ድሩን በምን እንዳጠነከርሁት የጠየቀ የለም?" ይሉኛል። "ሽመና የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነበር።"

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ስልኩን አቁሜ፣ ቀረጻውን ከፍቼ፣ ጥግ ይዤ ዝርዝሬን በሌላ አሮጌ ስልክ እደምር ነበር። አባቴ ረጅም ነገር ተናገሩ። ሲጨርሱ አነሣሁትና እንዳለ ለቀቅሁት። በሁለተኛው ቀን "ምን አሉ?" አሉኝ።

"ጥሩ ትምህርት ነው፣ በርቱልን ብለዋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም፣ አባዬ።"

"ይህን ሱፍ የሸለትሁት ከአህያ ነው ብዬ ነበር እኮ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቪዲዮውን ከፍቼ አዳመጥሁት። እውነትም ፈገግ ሳይሉ፣ የአህያ ሱፍ እንዴት እንደሚሸለት፣ በየትኛው ወር እንደሚሻል፣ ከጆሮዋ ሥር የሚገኘው እንዴት እንደሚለሰልስ ሲያስረዱ አሥር ደቂቃ ሄደዋል። ከሥሩ ስልሳ ሰው አመስግኗቸዋል።

እሳቸው አልሳቁም። "እነሱስ ሩቅ ናቸው" አሉኝ። "አንቺ አጠገቤ ነበርሽ።"

ከዚያ በኋላ አልቀረጽም አላሉኝም። "እንደምን ሰነበታችሁ" ማለቱን ግን ተዉት። እኔ ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ለሁለት ቀን ተከፍቼ ሰነበትሁና ተመልሼ ዝርዝሬን ያዝሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሳምንት ከጠፋሁ ይቀንሱኛል ብዬ ፈራሁ።

ግሩፑ ውስጥ አንዲት የመርሐቤቴ ሴት ነበረች። ዓለም ከተማ ነው የምትኖረው። የምግብ አሠራር ታሳያለች፤ ሽሮ፣ ዳቦ፣ የጾም ወጥ። የሰሜን ሸዋ ልጆች ነን ብለን ከሌላው ቀድመን እንደማመር ነበር። ስሟን ዝርዝሩ ላይ ሳይ ሳልከፍት የምጽፈውን አውቃለሁ።

የፈተና እርማት የተደራረበበት ሳምንት ነበር። አርባ ስም ወጥቷል። የእሷ ሲደርስ ስልኩን ደፋሁት፣ ሦስት ደቂቃው አለፈ፣ ገለበጥሁና እንደ ወትሮው ጻፍሁ፤ "ዋው ሲያዩት ያስጎመጃል! እጅሽ ይባረክ እህቴ።"

በማግሥቱ በውስጥ መስመር መልእክት ደረሰኝ።

"ልጄ በእጄ ላይ ናት ያረፈችው። እጅሽ ይባረክ ያላችሁኝ ለዚህ ነው?"

ሰባተኛ ክፍል ልገባ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር ያነበብሁት። ቪዲዮውን ከፈትሁ። ምግብ የለበትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መደብ ላይ ተቀምጣለች። የስድስት ዓመት ልጇ በትኩሳት ተይዛ፣ መኪና ጠፍቶ፣ አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ መንገድ ላይ እንደደከመችባት፣ አውርዳ ስታቅፋት እንዳለፈች እየቆራረጠች ትናገራለች። "ቤተሰቦቼ፣ ንገሩኝ ብዬ ነው፤ ምን ልሁን?" ብላ ነው የምትጨርሰው። ከሥሩ ተደርድሯል። ጣት ያስቆረጥማል። ምርጥ ሙያ። ደምሬሻለሁ ደምሪኝ። መሐል ላይ የእኔ።

ክፍል ገባሁ። ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም።

ለአባቴ የነገርኋቸው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሲሠሩ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

"ሳታዪው ነው የጻፍሽው?"

"አዎ።"

"ሴትዮዋ የት ናት?"

"ዓለም ከተማ።"

"ለቅሶ ድረሻት።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ አላውቃትም። እሷም አታውቀኝም።"

"ቤተሰብ ነን ትሉ የለም?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው ከግድግዳው ላይ አንድ ያለቀ ባና አወረዱና አጣጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁ። አገራችን ቅርብ ለቅርብ ይመስላል እንጂ ከመንዝ መርሐቤቴ ለመሄድ ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እንደገና ወደ ሰሜን መዞር ነው። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ አድሬ በማግሥቱ የጀማን ገደል ስወርድ ሙቀቱ አውቶቡሱን ሞላው፤ ባናው ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ይከብደኝ ጀመር። መንገዱን ሙሉ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል አንሶ ታየኝ፤ ሌላ ግን አላገኘሁም።

ቤቷን ያሳየኝ ገበያው ጀርባ ያለ ባለሱቅ ነው። "ልጇ የሞተችባት" ስለው ወዲያው አወቃት። በስልክ የሚያውቃት መስሎኝ "ቪዲዮ የምትሠራዋ" አልሁት። "እሱን አላውቅም" አለኝ።

ሴትዮዋ በቪዲዮው ከምትታየው ይልቅ አጭር ናት። ሁለት ጎረቤቶቿ አጠገቧ ተቀምጠዋል። እያለቀስሁ ገባሁ፤ እሷም ማን እንደሆንሁ ሳትጠይቅ አለቀሰች። ስንረጋጋ ከሞላሌ መምጣቴን፣ ከግሩፑ መሆኔን ነገርኋት። ፊቷ አልተለወጠም።

"መልእክት ልከሽልኝ ነበር" አልሁ። "እጅሽ ይባረክ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

ስልኳን ከትራስ ሥር አወጣችና ከፍታ አቀበለችኝ።

"የትኛዋ ነሽ?" አለችኝ።

ጣቴን እያንሸራተትሁ የራሴን ፈለግሁ። እጅሽ ይባረክ ያሉ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ቆጠርኋቸው። ስሜን አግኝቼ ሳሳያት ዐይኗን ጣል አድርጋበት ስልኩን መልሳ ወሰደች።

"ለሁላችሁም ነው የላክሁት" አለች። "አንዱን ጽፌ ለሁሉም። ሁለት ሰው ነው የመለሰው። አንዷ 'አመሰግናለሁ የኔ ውድ፣ ደምሬሻለሁ' አለችኝ።" ስልኩን ከትራሱ ሥር መለሰችና "አንቺ ምንድን ነው የምትሠሪው?" አለችኝ።

"አባቴ ሸማኔ ናቸው። ባና ሲሠሩ ነው የምቀርጸው።"

"አላየሁትም" አለች። "አንድም ቀን። እኔም ደፍቼው ነበር የማስኬደው። ልጄ ነበረች ሦስት ደቂቃው ሲሞላ 'እማዬ ደረሰ' የምትለኝ።"

ከጎረቤቶቿ አንዷ ስለ ምን እንደምናወራ ግራ ገብቷት ወደ እኔም ወደ እሷም ታይ ነበር። ባናውን ሰጠኋት። ከእኛ ይልቅ በሚሞቅ አገር ለምን እንደሚጠቅማት አላውቅም። ዳሰስ አድርጋ "ከባድ ነው" አለችና አጠገቧ አስቀመጠችው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ አልልሽምም አላለችኝም። አደርሁና ጠዋት ስሰናበታት "መንገዱ ሩቅ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ፤ ለማንም ለቅሶ ደራሽ እንደሚባለው።

ስመለስ ግሩፑ ላይ ጻፍሁ። የሆነውን ሁሉ፣ የራሴንም ጥፋት ጭምር፣ ረጅም አድርጌ ጻፍሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተነሡ አውራ ጣቶችና ልቦች ከሥሩ ተደረደሩ። አንዱ "ምርጥ ጽሑፍ፣ ቀጥይበት" አለ። ከግሩፑ ወጣሁ። በወሩ ግማሹ ቤተሰብ ቀነሰኝ፤ ከዚያም የቀረው። ለምን ወጣሽ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም፣ ከኮምፒውተር መምህሩ በቀር። እሱም ያለኝ "ያንን ሁሉ ድካም እንዲህ ታበላሺዋለሽ?" ነው። ዘንድሮ ለተማሪዎች የሚዲያ ክበብ አቋቁሞ ሲደማመሩ አያቸዋለሁ። ስብሰባ ላይ ተቃውሜ ተናገርሁ። ርእሰ መምህሩ ልጆቹ በቴክኖሎጂ መቅደማቸው ያስመሰግናል ብለው አለፉኝ።

አባቴ አሁንም ይሠራሉ። መቅረጽ ትቻለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ። ብዙ የማላውቀው ነገር እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ድሩ ከመወጠሩ በፊት በምን እንደሚጠነክር እንኳ ሁለት ጊዜ አስረድተውኛል። ያስረዱኛል እንጂ እንደ ድሮው ወሬ አያወሩኝም። ያነበብሁላቸው የፈጠራ አስተያየት ውሸት መሆኑን አልነገርኋቸውም። የሚያውቁ ይመስለኛል።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመርሐቤቴዋ ሴት እንደገና ምግብ መሥራት ጀመረች። ቪዲዮዋ ስልኬ ላይ መጣ፤ የምስር ወጥ ነበር። ድምፁን ከፍቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። እጇ ፈጣን ነው፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ቀና አትልም። ከኋላዋ ያለው መደብ ላይ የአባቴ ባና ተነጥፏል። ከሥሩ "እንዴት ሰነበትሽ? እኔ የሞላሌዋ ነኝ" ብዬ ጻፍሁላት። መልሷ ቶሎ መጣ። "በርቺ እህቴ፣ አንቺንም አይሻለሁ" ይላል፤ ከላይና ከታች ላሉትም እሱኑ ነው የጻፈችው።

እሷን የምወቅስበት አፍ አልነበረኝም። አባቴ አልፎ አልፎ "ያቺ ሴት እንዴት ሆነች?" ይሉኛል።

"ደህና ናት፣ አባዬ" እላቸዋለሁ።