በመርፌው ራስ ላይ የተለጠፈ ሰም

ባለፈው ሳምንት የአባቴን ሸክላ ማጫወቻ ከሣጥኑ ሳወጣው መጀመሪያ የተቀበለኝ የጧፍ ሽታ ነው። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም አልለቀቀውም። አቧራውን ጠረግኩ፣ ክንዱን ቀና አደረግኩት። መርፌው በተሰካበት ራስ ላይ ያቺ የሰም ቁራጭ እንደተለጠፈች አለች፤ የአባቴ አውራ ጣት አሻራም እንዳለ ነው። እንግዲህ ጊዜ ካለሽ ቁጭ በይና ስሚኝ፤ እኔ ጀምሬ ማቋረጥ አልወድም።

ያደግኩት ሞላሌ ነው። አባቴም እናቴም አስተማሪዎች ነበሩ። እናቴ አዲስ አበባ መምህርነት ስትማር አንድ ዘፋኝ ሸክላ ሲያስቀርጽ ከተቀባዮቹ ጋር ቆማ አጨብጭባለች። በዘፈኑ መሐል፣ ማሲንቆው ዝግ ሲል፣ አንድ እልልታ ይወጣል፤ ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያመልጠዋል። ያ የእሷ ነው። በሕይወት ሳለች እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ እያስደመጠ ያሳፍራት ነበር። "እረ ተወኝ፣ የሰው መሳቂያ አታድርገኝ" ትለዋለች። ደስ እንደሚላት ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሞተች። ፎቶዋ አለን፣ ልብሷ አለን፤ ድምጿ ግን የቀረው እዚያች ሸክላ ላይ ብቻ ነበር።

ሰልስት እንደወጣ አባቴ እጁን ወደ ማጫወቻው ሲሰድ ታላቅ እኅቱ አዩት። አክስቴ ከዘመሮ ለለቅሶ መጥተው እኛን ብለው እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው፤ ቃላቸው አይታጠፍም።

"ወንድም ዓለም፣ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ በዚህ ቤት ዘፈን? አገሩ ምን ይለናል?"

"እትዬ፣ ዘፈኑን አይደለም እኮ፤ እሷን ነው።"

"ብትሆንስ። ከዘፈን መሐል አይደለም የምትወጣው?"

አባቴ ማጫወቻውን በዝተት ጠቅልሎ ቆጥ ላይ አወጣው። እኔ በጣም ተናደድኩ፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ካህናቱም እድምተኛውም ሄዱ። አባቴ ዝተቱን ሲፈታ አይጥ የመርፌውን ራስ ከነሽቦው ቆርጥማዋለች። ዝተቱን አጠፈው፤ አጠፈና መልሶ ፈታው። ምን እንደሚሠራ የጠፋው ሰው ነበር።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ቆይቶ ከሌላ ማጫወቻ የተነቀለ ራስ ላከለት። ተሰካ፤ ግን ከክንዱ ጋር አልተስማማም። የክንዱ የኋላ ሚዛን የተሠራው ለድሮው ከባድ ራስ ነው። አዲሱ ራስ ቀላል ነው፣ መርፌው ደግሞ ግትር። ሸክላው ላይ ሲያሳርፉት ይንሳፈፋል፤ እልልታው ጋ ሊደርስ ሲል ዘሎ ያልፈዋል። አባቴ ከሙት ዓመቱ የተረፈ ጧፍ አመጣ። ከሰሙ ቆንጥሮ በጣቱ አሟሸና ለክብደት ብሎ ራሱ ላይ ለጠፈ። ዘለለ። ጨመረበት፤ አሁንም ዘለለ። የሰሙ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ በመስኮት የገባው የከሰዓት ፀሐይ በሚዞረው ሸክላ ላይ ያብለጨልጫል። አክስቴ ጥቁራቸውን ገና አልጣሉም፤ በሩ ሥር ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

አባቴ አንድ ቁንጣሪ ጨምሮ በአውራ ጣቱ ተጫነው። መርፌው ረገጠና ያዘ። ማሲንቆው ዝግ አለ። እናቴ እልል አለች።

በእኛ አገር እልልታ ሳይቀበሉት አይታለፍም። ዓመት ሙሉ ዘፈን የከለከሉን አክስቴ እንዝርታቸውን ጥለው ተነሡና እልል ብለው ተቀበሏት። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተቀመጡ። አባቴ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ማንም ማንንም ዝም በል አላለም።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ "እስቲ አምጣት" ይሉታል። አባቴም መርፌውን እሷ ያለችበት ላይ ብቻ ያሳርፋል፤ እሳቸውም ይቀበሏታል። ድምጿ ግን እየሻከረ ሄደ። አንድ ቀን አባቴ መርፌውን ሲያነሣ ጫፉ ላይ ጥቁር ብናኝ አየሁ።

"አባዬ፣ ምንድነው እሱ?"

"ሸክላው ነው ልጄ። የማይገጥም ራስ በክብደት ሲጫኑት ያርሰዋል።"

"ታዲያ የሚገጥመው እስኪገኝ ለምን አናቆያትም?"

"አንድ ዓመት ቆየን እኮ" አለኝ። "እትዬን ደግሜ ቆይ ልበላት?"

ብናኙን በጋቢው ጫፍ ጠረገና መርፌውን መለሰው። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ከክንዱ ጋር በክብደትም በመርፌም የሚስማማ ራስ የተገኘው ገና ዘንድሮ ነው፤ አሁን የምኖርበት ደብረ ብርሃን አንድ ጠጋኝ አስመጥቶ ገጠመልኝ። አሮጌውን ራስ ከነሰሙ ሊጥለው ሲል ከእጁ ነጥቄ በመሐረቤ ቋጠርኩት። ጤንነቴን ሳይጠራጠር አልቀረም።

እሑድ ለት ማጫወቻውን ይዤ ሞላሌ ሄድኩ። አክስቴ አልጋ ላይ ናቸው፤ ጆሯቸው ደክሟል። መዳፋቸውን በማጫወቻው እንጨት ላይ አሳረፍኩላቸውና ሸክላውን ከፈትኩት። መርፌው ሳይዘል፣ ሳይንሳፈፍ ሄደ፤ ዘፋኙ ኩልል ብሎ ወጣ። ማሲንቆው ዝግ አለ። ከዚያ ግን ዝናብ ሣር ክዳን ላይ ሲወርድ ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። እናቴ አልነበረችም። ጨርሰናታል።

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ አክስቴ፣ ምቱን በመዳፋቸው ተከትለው፣ ልክ በቦታው ላይ በቀጭን ድምፃቸው እልል ብለው ተቀበሏት።

"ሰማሻት?" አሉኝ።

"ሰማኋት፣ እትዬ።"

"ዛሬስ እንዴት ጠርታ ወጣች። ምነው ወንድሜ ይህን ሳይሰማ" አሉ። "ድገሚያት እስቲ።"

ደገምኩላቸው።