ብረት የሚያርፍበት ቀን

የሎኬንድራን መንጋጋ የሰበሩት ብረት በሚያርፍበት ቀን ነው። እኛ ኔፓሎች፣ ሲድኒም ብንኖር፣ የሠሪዎች ጌታ ቪሽዋካርማ በሚከበርበት ዕለት መሣሪያ አንነካም። ጎሚስታችን ካጂማን፣ ሁላችንም «ዳይ»፣ ታላቅ ወንድም፣ የምንላቸው፣ በማለዳ በጋራዣቸው ግቢ መፍቻና መዶሻቸውን ቀይ ጨርቅ ላይ ደርድረው አበባ ጣል አድርገውባቸው ነበር።

ሎኬንድራ በአገራችን በሮልፓ ተራሮች በቅሎ ሲነዳ ያደገ ነው። ናዳ አቋርጧል፣ ነብር አባሯል። እዚህ ሚስቱ ቱልሲ ነርስነት ትማራለች፣ እሱ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሰው ምሳ ያመላልሳል። የሚፈራው የኋላ ጎማውን ብቻ ነበር። ሞተሩ እዚያ ውስጥ ስላለ «መብረቅ የታሰረበት» ይለዋል። በተነፈሰ ቁጥር እየገፋ ወደ ዳይ ያመጣል እንጂ አንድ ዳዶ ፈትቶ አያውቅም።

በበዓሉም ወጣ። ትእዛዝ እምቢ ያለውን ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ከሥራ ያባርረዋል። የዚያ መተግበሪያ ባለቤቶች የተጠበሰው ድንች እንዳይቀዘቅዝ ይጨነቃሉ፤ ተሸካሚው በድን ሆኖ ቢቀር ግድ የላቸውም።

ነጭ ፒክአፕ የያዙ ሦስት ጎረምሶች በእኛ በምሳ አመላላሾቹ ላይ እንቁላል ሲወረውሩ ሰንብተዋል። ለፖሊስ ስንናገር ታርጋውን አምጡ ተባልን። ዐይኑ ውስጥ አስኳል ገብቶበት የሚሸሽ መኪና ታርጋ የሚያነብ ሰው ካለ ያሳዩኝ። ያን ቀን በፋብሪካዎቹ መንገድ ላይ ጠርሙስ ከሎኬንድራ ጎማ ሥር ከሰከሱ። የኋላው ተነፈሰ። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ ዞረን እንመጣለን፣ ጠብቀን አለው። ብስክሌቱን ጥሎ ቢሮጥ ይወስዱታል፤ ያለ እሱ ደግሞ ሥራ የለም።

ለዳይ ደወለ። ፖሊስ ብንጠራ ጠብቁ አለን። ከእኛ ሁለት ልጆች ሊደርሱለት ከነፉ፣ ግን ሩቅ ነው። እኔ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ለዳይ ጆሮ ይዤ ቆምኩ።

«ዛሬ እጄ አይነካም፣ ምላሴ ግን አለ» አሉት። «ባትሪውን ንቀል፣ አንተ በቅሎ ነጂ።»

«ዳይ፣ ይሄ ነገር ይገድለኛል።»

«ባትሪው ከወጣ ሬሳ ነው። ሬሳ አይነክስም፤ ፍታው።»

የሞተሩን ሽቦ ነቀለ። ዳይ ከብስክሌቱ ጋር ባሰሩለት መፍቻ ዳዶዎቹን ፈታ፣ ቀጫጭኖቹን ቀለበቶች፣ ሮንዴላዎቹን፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው ኪሱ ከተተ። በወንበሩ ሥር አስሮት የኖረውን አዲሱን የውስጥ ጎማ አወጣና አሮጌውን ቀይሮ በእጅ መንፊያ ነፋ፤ ሁሉን መልሶ ገጠመ። ያዘለት። ደስታው በስልኩ ውስጥ ተሰማን፤ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ብዙም ሳይነዳ ጎማው ፉሽ አለ።

ዳይ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ከመግጠሙ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣቱ እንዲዳስስ አልነገሩትም። የጠርሙሱ ስብርባሪ እዚያው ተሰክቶ ነበር። የእሳቸው ጣት ሳይታዘዝ የሚዳስሰው ነገር ነው፤ በቃል ብለውት አያውቁም።

ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። በኋላ እንዳወቅነው፣ ከጎረምሶቹ አንደኛው በጫማ አፉ ላይ ረገጠው። መንጋጋው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሌላው ጣቶቹ ላይ ቆመ፤ ሦስተኛው ይስቃል። አበባ በተነሰነሰበት ግቢ ቆመን ሰው ሲቀጠቀጥ ሰማን። ለካ ጸሎታችን ብረቱን ያሳርፋል እንጂ ጨካኙን አያሳርፍም።

«ሰንሰለቱን አንሳ» አሉ ዳይ። «ጉልበቱን በለው።»

የብስክሌቱ ማሰሪያ ሰንሰለት ሲያፏጭ ሰማን። የተከተለው ጩኸት የሎኬንድራ አልነበረም። ሁለቱ ጎረምሶች የወደቀውን ጓደኛቸውን ሲጎትቱ ዳይ ብስክሌቱ ላይ ውጣ አሉት። ሎኬንድራ ስለ ጎማው ሊናገር ፈለገ፣ ከአፉ የወጣው ግን ደም ነው።

«ቸርኬው ይሙት! ንዳ!»

በባዶ ቸርኬ፣ ብረቱ አስፋልት እየጋጠ፣ ነዳ። የላክናቸው ልጆች መንገድ ላይ አግኝተው ሆስፒታል አደረሱት።

ጠብቁ ያለን ፖሊስ ሆስፒታል ሲሆን ጊዜ አልወሰደበትም። የመጣው ስለ ጎረምሳው ጉልበት ነው። ማን መታው ብሎ ጠየቀ። ሎኬንድራ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፤ ቱልሲ ያልተረገጠ እጁን ይዛ ታለቅሳለች። ዳይ ተነሡ።

«እኔ ነኝ የመታሁት። በእሱ እጅ።»

ፖሊሱ እዚያ ነበርክ ወይ አላቸው። አልነበርኩም አሉ። እንግዲያው ተቀመጥ ብሎ ካቴናውን በሎኬንድራ የእጅ አንጓና በአልጋው ብረት ላይ ቆለፈ። ዳይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆዩ። ማንም አላሰራቸውም።