ሰባት ዓመት የተወለወለው ወይን

ቡሹ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ግማሹ ጠርሙሱ ውስጥ ወደቀ። ሽታው ተከተለ። ወይን ቀምሼ ባላውቅም ጠላ ስጠምቅ የኖርሁ ሴት ነኝና የሆመጠጠ ነገር አይጠፋኝም። ወደ ብርሃኑ ባነሣው ቀዩ ቡናማ ሆኗል። በጣቴ ነክቼ ብልሰው ምላሴ ተኮማተረ።

ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎች ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የመጡ ዕለት፣ እንደ ወጉ "እንመካከርበት" ብለን ስንመልሳቸው፣ ከጠዳ የመጡት የልጁ አያት ቡፌው ላይ ጠርሙሱን አይተው "እሺ ያላችሁን ቀን ይህችን ትከፍቱልናላችሁ" ብለው ነበር። እሺ የምንልበት ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። ይህን ብቀዳላቸው "ናቁን" ብለው ቢነሡስ? ልጄ ጓዳው በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

ጥፋቱ የኔው ነው። በስጦታ ከመጣ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጌ አቁሜ ፀሐይ ሳጠጣው ኖርሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውለዋለሁ። የቁስቋም ጎረቤቶቼ እንዲያዩት ነዋ፤ ይጠጣል ብሎ ማን አስቦ! ባሌ ደግሞ፣ የወይን ሊቁ፣ "ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል" ይለኝ ነበር። እሱ ራሱ ሲቆይ ምኑ እንደጣፈጠ እስካሁን አልደረስሁበትም።

ባሌን ጠርቼ አስሸተትሁት።

"ትንሽ ስኳር ብንጨምርበትስ?" አለኝ ሊቁ።

"ሁለት ኪሎ ጨምርና አንተው ጠጣው!"

ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁ። ከልጁ አያት ፊት ቆምሁ።

"አያ፣ እሺታችን እሺታ ነው። ወይኑ ግን አቼቶ ሆኗል። ለጌጥ አስቀምጬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ተቀብለው አሸተቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።  

"ምነው ልጄ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምትጨነቂው? የኛም ቤት አንዲት አለች፣ መስኮት ላይ። ባለቤቴ አቧራዋን እየጠረገች ማንንም አታስነካም! ስሄድ ነው የማስከፍታት።" ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። "በይ ጠላሽን አምጪ። እኔስ ወይን ያልሁት ለወግ ነው።"

"ይህንስ ምን ላድርገው?"

"ሰላጣው ላይ ጠብ አድርጊው እንጂ!"

በነጠላ ጫፍ አጥልዬ ሰላጣው ላይ ጠብ አደረግሁት። ባሌ ጎርሶ "ሸጋ ወይን ነበር" አለ። 

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። ልጄ ጉልበታቸውን ሳመች፤ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። እኔም ተረፍሁ።