የሉሚንግ ፊርማ ጭራ

በኢሎኢሎ ከተማ ዳርቻ፣ በወንዙ ዳር ሰፈር፣ ሉሚንግ በር ስታንኳኳ ገና ሳይከፈትላት "ደግሞ ለየትኛው ስብሰባ ነው?" የሚል ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። ለምን እንዲህ ሆነች ሲባል፣ አንዱ ለምክር ቤት ወንበር ቋምጣ ነው ይላል፤ ሌላው ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታዘው ሰው አጥታ ነው ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሴትዮዋን ለዚህ ያበቃት የገዛ ፊርማዋ ነው።

ፊርማዋን ያየ ሰው አይፈርድባትም። ሙሉ ስሟ ኢሉሚናዳ ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል እንደ ዘንባባ ቅጠል ትንሰራፋለች፤ የመጨረሻዋ ጭራዋን ጎትታ ከታች ካሉት ሁለት ሰዎች ስም ላይ ታርፋለች። በትምህርት ቤት ዘመኗ ያገኘችው ሽልማት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእጅ ጽሕፈት። እንዲህ ያለ ፊርማ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። ቀበሌው ስብሰባ በጠራ ቁጥር በስብሰባው የተገኙ ሰዎች የሚፈርሙበት ወረቀት በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ለፈረመ ሰው ዶሮና ዝንጅብል የገባበት የሩዝ ሾርባ ይቀዳለታል። ሉሚንግ ቀድማ ትደርሳለች፣ አንደኛው መስመር ላይ ትፈርማለች፣ ሾርባዋን በሳህኗ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰፈሩም ተከትሏት ይፈርማል፤ ተከትሏትም ይመለሳል።

መተዳደሪያዋ ፑቶ ነው፤ በእንፋሎት የሚበስል ነጭ የሩዝ ዳቦ። ጠዋት ከምድጃ አውርዳ፣ በቀርከሃው ድልድይ ተሻግራ፣ ሳይበርድ ገበያ ታደርሰዋለች። በዋናው መንገድ ከሆነ ዙሪያው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የበረደ ፑቶ ደግሞ ዳክዬም አይበላው።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ በድልድዩ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘች። ጠጠር የጫኑ ጀልባዎች እንዲያልፉ ድልድዩ "በነዋሪው ሙሉ ፈቃድ" በወሩ መጨረሻ ይፈርሳል ይላል። ቅርጫቷን እንደተሸከመች ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገሰገሰች።

"ጋሼ አናክሌቶ፣ የማን ፈቃድ ነው?" አለች ሊቀመንበሩን።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሳቁን በመሐረብ ሸፍኖ ውሳኔውን አወጣ። ከውሳኔው ጀርባ ያ በሩ ላይ የሚፈረምበት ወረቀት ተያይዟል፤ አንደኛው መስመር ላይ ዘንባባው ተንሰራፍቷል።

"ይህን ፊርማ ታውቂዋለሽ?"

"እኔ የፈረምኩት ለሾርባው ነው!"

"እኔ ደግሞ የውሳኔውን ሦስት ገጽ ሙሉ አንብቤያለሁ። ለማን? ለወንበሮቹ። አንድም ወንበር አልተቃወመም።"

ድልድዩ ከመፍረሱ በፊት አንድ ስብሰባ ይቀራል፤ ነዋሪው እዚያ ተቀምጦ ከተቃወመ ምክር ቤቱ ውሳኔውን መልሶ ያየዋል። ሉሚንግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከገበያ መልስ በር ማንኳኳት ያዘች። የመጀመሪያው በር የባጃጅ ነጂው የባልቢኖ ነበር።

"እትዬ ሉሚንግ፣ የፊርማሽ ጭራ እኮ ስሜን አንቆት ነው የሄደው" አላት። "ደግሞስ ድልድዩ ቢፈርስ እኔ ምን ቸገረኝ? የሚዞረው ሰው ሁሉ ባጃጄ ላይ ነው የሚወጣው።"

"እውነትህን ነው። አማትህ ግን ከወዲያ ማዶ አይደሉም እንዴ?"

"ናቸው።"

"እስከ ዛሬ ምሳ በልተው በድልድዩ ይመለሳሉ። ከእንግዲህ ያን ሁሉ ዙረው ሲመጡ፣ አንጀትህ ችሎ 'ዛሬውኑ ይመለሱ' ልትላቸው ነው? ማደራቸው ነው።"

ባልቢኖ የያዘውን መወልወያ ጨርቅ አስቀመጠ። "ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው?"

ለሌላውም የነገረችው አንድ ነገር ነው፤ "ኑ፣ ቁጭ በሉ፣ ሰምታችሁ ስታበቁ ፈርሙ።"

በስብሰባው ቀን ሰፈሩ መጣ፤ ወረቀቱን አልፎ ተቀመጠ። ችግሩ ሾርባው ነበር። የሊቀመንበሩ ሚስት ፑሪንግ ከድስቷ ኋላ ቆማ "ያልፈረመ አይቀዳለትም፤ ደንብ ነው" አለች። ሽታው ግን ደንብ አያውቅም። ዓይን ሁሉ ወደ ድስቱ ዞረ፤ ከኋላ ሁለት ሰዎች ወደ ወረቀቱ ሊሄዱ ተነሡ። ሉሚንግ እነሱ ፈርመው ከወጡ ሌላው እንደሚከተል ታውቃለች፤ ያስለመደችው እሷ ናት። ሳታስበው ብድግ አለች።

"ጎረቤቶቼ፣ በድልድዩ ላይ ያስፈረድኩት እኔ ነኝ" አለች። "አንደኛ መስመር ላይ፣ በሚያምር ጽሕፈት። ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።"

አዳራሹ ሳቀ። የተነሡትም እየሳቁ ተመልሰው ተቀመጡ። ሾርባው ግን መርጋት ጀመረ፤ ፑሪንግ ደግሞ በሙያዋ ቀልድ አታውቅም። ድስቱን በጭልፋዋ አንኳኳችው።

"አናክሌቶ! የእንግዳ ሾርባ በኔ እጅ በርዶ አያውቅም። ፊርማህ ይቆይ!"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈሩ ሾርባውን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጠጣ፤ አፉ ሥራ ስለያዘም ሦስቱን ገጽ በጸጥታ አዳመጠ። የሚቃወም እጁን ያውጣ ሲባል ማንኪያ የያዘ እጅ ሁሉ ወጣ። በሳምንቱ ማስታወቂያው ከምሰሶው ተነሣ፤ ጠጠሩም ጀልባዎቹ ድልድዩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት እንዲራገፍ ተወሰነ።

በወሩ ሉሚንግ የባልቢኖን በር ዳግመኛ አንኳኳች።

"ድልድዩ ተረፈ አይደል? ደግሞ ምን ፈለግሽ?"

"ነገ ስብሰባ አለ።"

"ስለ ምን?"

"አላውቅም። ለዚሁ እኮ ነው የምንሄደው። ባዶ ወንበር ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል።"

ከውስጥ የአማቱ ሳል ተሰማ፤ ምሳቸውን በልተው ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። ባልቢኖ በረጅሙ ተነፈሰ።

"እሺ፣ እመጣለሁ። ግን በናትሽ፣ አንቺ ከኔ በታች ፈርሚ።"